ጭሱ ወጣ፤ የት ሄደ?

ማድ ቤት ውስጥ ጭስ ሲበዛ መስኮት እንከፍታለን፣ በሩን ገርበብ እናደርጋለን። ጣሪያው ቀዳዳ ያለው ከሆነማ «ይወጣል» ብለን እንተወዋለን። እውነትም ይወጣል። ዓይናችን ማልቀሱን ሲተው ጉዳዩ ያለቀ ይመስለናል፤ ከጣሪያው ወዲያ ያለውን መንገዱን የሚከታተል ሰው ግን ጥቂት ነው። በተለይ በኅዳርና በታኅሣሥ፣ በተለይ ደጋ ላይ፣ ጎሕ ሲቀድ ከቤትዎ የወጣው ጭስ ሩቅ አይሄድም። ከጎረቤት ጭስ ጋር ተቀላቅሎ ሰፈሩ ላይ ተንሳፎ ይቆይና በዚያው በከፈቱት መስኮት ተመልሶ ይገባል።

ደብረ ብርሃንን እንውሰድ። ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምሥራቅ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,840 ሜትር አካባቢ ላይ የተቀመጠች ደገኛ ከተማ ናት። ስሟን ያስጠራላት የብርድ ልብስ ፋብሪካ መሆኑ ራሱ ስለ ሌሊቷ የሚናገረው አለ። በእንዲህ ያሉ ከተሞች ስለ አየር ብክለት ሲነሣ ጣት የሚቀሰረው ወደ አዲስ አበባ ነው፦ መኪናው እዚያ፣ ሕዝቡ እዚያ፣ ጭሱም እዚያ። ክፍለ ሀገር አየሩ ንጹሕ ነው ይባላል። ከሰዓት በኋላ ከሆነ አባባሉ ብዙም አይሳሳትም። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ግን ክፉኛ ሊሳሳት ይችላል። የአንድን ከተማ አየር የሚወስነው የከተማዋ ትልቅነት ብቻ አይደለምና። ሁለት ጥያቄ መጠየቅ ያስፈልጋል፦ ከሥር ምን ያህል ይጨሳል? ከላይስ ክዳኑ ስንት ሜትር ላይ ነው?

ከሥሩ እንጀምር። እንጨት በቀጥታ አይነድም። መጀመሪያ ይሞቃል፤ ሲሞቅ ጋዝ ይተፋል፤ ነበልባል ሆኖ የምናየው የዚያ ጋዝ መቃጠል ነው። ሙቀቱና ኦክስጅኑ ከበቃው ጋዙ ጨርሶ ይቃጠልና ካርቦን ዳይኦክሳይድና የውሃ እንፋሎት ይሆናል፤ ሁለቱም አይታዩም። ማገዶው እርጥብ ከሆነ፣ ምድጃው ከታፈነ፣ ወይም እሳቱ ገና እየተያያዘ ከሆነ ግን ሳይቃጠል የተረፈው ጋዝ ከፊሉ ጥላሸት ይሆናል፤ ከፊሉ ቀዝቅዞ ቅባትነት ያለው ደቃቅ ጠብታ ይሆናል። ጭስ የምንለው ይህንኑ ነው፤ ሳይቃጠል ያመለጠ ማገዶ። ገንዘብ የወጣበት፣ ጀርባ የጎበጠበት ማገዶ ከፊሉ በጣሪያ በኩል ሄደ ማለት ነው። ማድ ቤት ጣሪያ ላይ ተጋግሮ የሚያብለጨልጨው ጥቀርሻም የዚሁ ቅሪት ነው።

ኩበት ከእንጨት ይብሳል። አመዱ ብዙ፣ ሙቀቱ ዝቅተኛ ስለሆነ በኪሎ ሲሰላ ከደረቅ እንጨት የበለጠ ያጨሳል። ደን በተራቆተበት የሰሜን ሸዋ ደጋ ኩበት የዘወትር ማገዶ ነውና ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከፍታውም የራሱን ይጨምራል። በ2,840 ሜትር ላይ በአንድ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ከሚገኘው 70 በመቶ ገደማ ነው። ቱርቦ የሌለው አሮጌ የናፍጣ ሞተር የደጋ ዳገት ላይ እንዲያ ጥቁር የሚተፋው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው።

ከሰል «ጭስ የለውም» ይባላል። አብዛኛው ጭሱ ከሰሉ በተከሰለበት ቦታ ቀርቶ ነው። ቤት ውስጥ የሚለቀው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን አይታይም፣ አይሸትም፣ ይገድላል። ለብርዱ ብሎ የከሰል ምድጃ አስገብቶ፣ በር ዘግቶ የተኛ ሰው ላይነቃ ይችላል። ጽሑፉ ስለ ጭስ ቅንጣት ቢሆንም ይህን ሳልል ማለፍ አልፈለግሁም።

ወደ ቅንጣቱ እንመለስ። መለኪያው ማይክሮን ነው፤ የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ማለት ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት ከ50 እስከ 70 ማይክሮን አካባቢ ይሆናል። ከመንገድ የሚነሣው አቧራ በክብደት ሲታይ አብዛኛው ከ2.5 ማይክሮን ይበልጣል፤ የጭስ ቅንጣት ደግሞ አብዛኛው ከ1 ማይክሮን በታች ነው። ባለሙያዎች «ፒኤም 2.5» የሚሉት ከ2.5 ማይክሮን የማይበልጠውን ሁሉ ነው፤ «ፒኤም 10» እስከ 10 ማይክሮን ያለውን ያጠቃልላል። ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው በአወራረዳቸው ነው። አየሩ ጸጥ ባለበት ክፍል ውስጥ 10 ማይክሮን የሆነ ብናኝ በሰዓት 10 ሜትር ያህል ይወርዳል፤ ከጣሪያ ወለል ለመድረስ ሩብ ሰዓት ይበቃዋል። 1 ማይክሮን የሆነው በሰዓት 12 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ይወርዳል። ከዚያም አሥር ጊዜ ያነሰው ቀኑን ሙሉ ወርዶ 10 ሴንቲ ሜትር አይሞላም፤ ሰው ቢያልፍ በሚነሣው ንፋስ ተመልሶ ይወጣል። ስለዚህ አቧራን ውሃ ረጭተን እንጠርገዋለን። ጭስ እስኪሰክን መጠበቅ ግን ትርፉ ድካም ነው፤ የሚሄደው አየሩ ራሱ ሲሄድ ነው።

አየሩ የማይሄድበት ጊዜ ደግሞ አለ። በተለመደው ሁኔታ ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ይቀዘቅዛል፤ በአማካይ በኪሎ ሜትር 6.5 ዲግሪ ያህል። ቀን ላይ ፀሐይ መሬቱን ታሞቃለች፤ መሬቱ አጠገቡ ያለውን አየር ያሞቃል፤ የሞቀ አየር ቀላል ነውና ሽቅብ ይወጣል፣ ጭሱንም ይዞት ይወጣል። በፀሐያማ ቀን ይህ መማሰል አንድ ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ሌሊት ነገሩ ይገለበጣል። ሰማዩ ጥርት ሲል መሬት ሙቀቷን ወደ ላይ ትለቃለች፤ የሚመልስላት ደመና የለም። መጀመሪያ መሬቱ ይቀዘቅዛል፣ ቀጥሎ መሬቱን የነካው አየር። ቀዝቃዛው አየር ከባድ ስለሆነ ከሥር ይተኛል፤ ሞቅ ያለው ከላዩ ይቀመጣል። ከታች የሚነሣው ጭስ ይህን የሞቀ ንብርብር ሲያገኝ ከአካባቢው አየር ቀላል መሆኑ ያበቃለታል። ይቆማል፤ ወደ ጎን ይዘረጋል። ምጣድ ላይ አክንባሎ እንደተደፋ ይቁጠሩት፦ እንፋሎቱ መውጣቱን አላቋረጠም፤ መሄጃ ግን የለውም። የከተማ አክንባሎ አንዳንድ ሌሊት ከ100 ሜትር በታች ይወርዳል።

በክረምት ሰማዩ ደመና ስለሆነ ሌሊቱ ያን ያህል አይቀዘቅዝም፤ ዝናቡም በአየር ላይ ካለው ብናኝ ከፊሉን አጥቦ ያወርዳል። መስከረም አልፎ ጥቅምት ሲጠባ ሰማዩ ይገለጣል፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ደብረ ብርሃንን ውርጭ ያገኛታል። ውርጭ ያረፈበት ጠዋት አክንባሎው የተደፋበት ጠዋት ነው። ይህን ለማረጋገጥ መሣሪያ አያስፈልግም። ጠዋት ከፍ ያለ ቦታ ላይ ቆሞ ከየጣሪያው የሚወጣውን ጭስ ማየት ነው፦ ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ አንድ ቦታ ሲደርስ የከለከሉት ይመስል ይታጠፋል፣ ከዚያ ሰማያዊነት ያለው ጠፍጣፋ ንብርብር ሆኖ ይተኛል። ብዙ ጊዜ «ጭጋግ ነው» ይባላል። ከፊሉ ጭጋግ ሊሆን ይችላል፤ የጭጋግ ጠብታም ቢሆን የሚቋጠረው በእንዲህ ያለ ደቃቅ ቅንጣት ዙሪያ ነውና ሁለቱ አብረው ይኖራሉ። ከረፋዱ 3 ወይም 4 ሰዓት ገደማ መሬቱ ሲሞቅ ክዳኑ ከሥር እየተበላ ይከፈታል። ማታ ፀሐይ ስትጠልቅ እንደገና ይደፋል፤ የእራቱ ወጥ በሚጣድበት፣ ቡናው በሚፈላበት ሰዓት። ትንሿን ከተማ የሚጎዳት ይህ መገጣጠም ነው። እሳት የምናነድበት ሰዓትና ክዳኑ የሚወርድበት ሰዓት አንድ ሆነዋል።

ሒሳቡን በወረቀት ላይ እንሥራው። የማንም ከተማ ልኬት አይደለም፤ ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹ የመረጥኳቸው እኔ ነኝ። 20,000 አባወራ አለ እንበል፤ እያንዳንዱ ጠዋት ላይ 3 ኪሎ ማገዶ ያነዳል። በተራ ጉልቻ ከአንድ ኪሎ እንጨት 5 ግራም ያህል ደቃቅ ቅንጣት ይወጣል ብንል፣ ድምሩ 300 ኪሎ ግራም ነው። የከተማዋ ስፋት አምስት ኪሎ ሜትር በአምስት ኪሎ ሜትር ይሁን፤ ንፋስ የለም፤ ክዳኑ 100 ሜትር ላይ ነው። በእያንዳንዱ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ 120 ማይክሮግራም ቅንጣት ይኖራል። ክዳኑን ወደ 1,000 ሜትር ያንሡት። በዚያው ማገዶ፣ በዚያው ጉልቻ፣ 12 ማይክሮግራም ብቻ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ የፒኤም 2.5 የ24 ሰዓት አማካይ ከ15፣ የዓመቱ አማካይ ከ5 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። ሕዝብ አልጨመረ፣ መኪና አልጨመረ፤ ክዳኑ ወረደ፣ አየሩም አሥር እጥፍ ከፋ። ብዙ ሚሊዮን ሕዝብ ያላት ከተማ ደግሞ ጭሷን በሰፊ መሬት ላይ ትዘረጋዋለች፤ በሜትር ኩብ ሲለካ ከትንሿ የግድ አትብስም።

ይህ የወረቀት ሒሳብ ብቻ እንዳይመስል ዶኖራን ላንሣ። ዶኖራ በአሜሪካ ፔንስልቬንያ ግዛት፣ በሞኖንጋሂላ ወንዝ ሸለቆ ውስጥ ያለች፣ ያኔ 14,000 ያህል ነዋሪ የነበራት የብረትና የዚንክ ፋብሪካ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1948 መጨረሻ ላይ እንዲህ ያለ ክዳን ለአምስት ቀን ያህል ሳይነሣ ቀረ። ነዋሪው ጭስ ማየት የለመደ ነበርና አልደነገጠም፤ የሃሎዊን ሰልፉ ተካሄደ፣ የትምህርት ቤቱ የእግር ኳስ ጨዋታም በጭሱ ውስጥ ቀጠለ። የዚንክ ፋብሪካው የቆመው እሑድ ጠዋት ነበር፤ ወዲያው ዝናብ መጣና አየሩ ተከፈተ። በዚያ ጊዜ 20 ሰው ሞቶ ነበር፤ ከከተማዋ ሕዝብ ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ታሟል። ሎንዶን ላይ ሺዎች ያለቁበት የጭስ ጭጋግ የመጣው ከዚህ አራት ዓመት በኋላ፣ በ1952 ነው። በአሜሪካ የአየር ብክለት ሕግ ታሪክ ውስጥ ዶኖራ እስከ ዛሬ በመነሻነት የምትጠቀስ ከተማ ናት።

ዶኖራ ግን አደጋ ነበረች፤ ዘገምተኛው ጉዳት የታየው ሌላ ቦታ ነው። የሃርቫርድ ተመራማሪዎች በስድስት የአሜሪካ ከተሞች ከ8,000 በላይ አዋቂዎችን ከ14 እስከ 16 ዓመት ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ1993 ውጤቱን አወጡ። ከስድስቱ አየሯ የከፋው ሜትሮፖሊሷ ሴንት ሉዊስ አልነበረችም። በኦሃዮ ወንዝ ዳር ያለችው ትንሿ የብረት ከተማ ስቱበንቪል ነበረች። ማጨስንና ሌሎች ምክንያቶችን ካስተካከሉ በኋላ እንኳ የስቱበንቪል ሰው የመሞት ዕድል ከስድስቱ አንዷ ከሆነችውና ንጹሕ አየር ካላት ከፖርቴጅ ሰው በ26 በመቶ በልጦ ተገኘ። የስቱበንቪል የደቃቅ ቅንጣት አማካይ 30 ማይክሮግራም ገደማ፣ የፖርቴጅ 11 ነበር። ሁለቱም ቁጥሮች ዛሬ ከተመከረው 5 በላይ መሆናቸውን ልብ ይበሉ።

ሰውነት ውስጥ የሚሆነው እንዲህ ነው። ትልልቁን ብናኝ አፍንጫና ጉሮሮ ይይዙታል፤ በአክታና በንፍጥ ይወጣል። ደቃቁ እስከ ሳንባ ጫፍ፣ ኦክስጅን ወደ ደም እስከሚገባበት የአየር ከረጢት ይዘልቃል። እዚያ የሚጠርጉት የመከላከያ ሕዋሳት ሊውጡት ሲሞክሩ ብግነት ይነሣል፤ ብግነቱ በደም በኩል እስከ ልብና የደም ሥሮች ይደርሳል። ለዚህ ነው የአየር ብክለት ሲነሣ ሐኪም ከሳል በላይ የልብ ድካምና የአንጎል ምት የሚያሳስበው። በሕፃን ላይ የሳንባ ምች ይከተላል። በማገዶ በሚሠራ ማድ ቤት ውስጥ እሳቱ እየነደደ ሲለካ የፒኤም 2.5 መጠን ከ1,000 ማይክሮግራም ማለፉ ብርቅ አይደለም፤ ልጇን አዝላ የምትጋግር እናትና በጀርባዋ ያለው ሕፃን የሚተነፍሱት ያንን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደገመተው የቤት ውስጥ ጭስ እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም 3.2 ሚሊዮን ሰው ገድሏል። ትንሽ ከተማ ውስጥ «የቤት ውስጥ» እና «የውጭ» ብሎ መለየቱ ራሱ ብዙም አያስኬድም፤ የውጩ ጭስ አብዛኛው የማድ ቤቱ ጭስ ነው።

መኪናውን፣ ባጃጁንና የፒስታውን አቧራ በአጭሩ አልፋቸዋለሁ። አቧራው ዓይን ያስቸግራል፣ ልብስ ያበላሻል፣ አስም ያለበትን ሰው ይቀሰቅሳል፤ ኮብልስቶን የተነጠፈበት ሰፈር ይህን በደንብ ያውቀዋል። የናፍጣ ጥላሸት የከፋ ቢሆንም በትንሽ ከተማ ከማገዶው ጋር ሲተያይ ድርሻው አነስ ይላል።

በራሳችን እጅ የምናከብደው አንድ ቀን ግን አለ፤ ኅዳር 12። ታሪኩ የታወቀ ነው። በ1911 ዓ.ም. ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ ገባ፤ የከተማዋ ሟቾች እስከ 10,000 እንደሚደርሱ ይገመታል። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ሳይቀሩ ታመው ድነዋል። «የኅዳር በሽታ» የተባለው ያ ነው፤ በየዓመቱ ኅዳር ሲታጠን ቤቱና ደጁ ተጠርጎ ቆሻሻው የሚቃጠለውም በዚያ መታሰቢያ ነው። የልማዱ ብልህ ክፍል መጥረጉ ነው ባይ ነኝ። ማጠኑ ግን ለዛሬ ቆሻሻ አይሆንም። ያኔ የሚቃጠለው ገለባ፣ ቅጠልና ጨርቅ ነበር። ዛሬ ፌስታል፣ የውሃ ፕላስቲክ፣ ዳይፐር፣ የጎማ ቁራጭ አለበት። የውሃ ቱቦና የኤሌክትሪክ ሽቦ ልባስ የሆነው ክሎሪን ያለበት ፕላስቲክ ሲነድ ሃይድሮክሎሪክ አሲድና ዳይኦክሲን ይለቃል። ዳይኦክሲን በሰውነት ስብ ውስጥ ለዓመታት የሚቆይ መርዝ ነው። ቀኑም አይመችም፦ ኅዳር ክዳኑ ዝቅ የሚልበት ወር ነው፤ እሳቱም ብዙ ጊዜ የሚለኮሰው ጠዋት ወይም ማታ ነው። በሽታ ለማባረር የተባለ ጭስ በሽተኛ ይጨምራል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ከሁሉ የሚበልጠው ምጣዱን ወደ ኤሌክትሪክ ማዞር ነው። የአገራችን ኤሌክትሪክ አብዛኛው ከውሃ ስለሚመነጭ ጭሱ ወደ ሌላ ሰፈር አይዛወርም፤ በእርግጥ ይጠፋል። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይስባል፤ የመብራት መቆራረጥና የመስመር ድካም ስላለ ለሁሉ ቤት ዛሬውኑ ይሆናል ማለት አይቻልም። ቀጥሎ ያለው ምርጥ ምድጃ ነው፤ በሲሚንቶ የሚሠራው ይህ ምድጃ ከጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የማገዶውን ፍጆታ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ጭሱን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም፤ ስለዚህ የጭስ መውጫ ጉዳይ ከእርሱም በኋላ አይቀርም። ገንዘብ የማይጠይቀው እርምጃ ማድረቅ ነው። ኩበቱም እንጨቱም ከክረምቱ በፊት ደርቆ ጣሪያ ሥር ይቀመጥ፤ በእርጥብ ማገዶ ላይ እፍ ማለት ሳንባን ለጭስ መስጠት ነው።

ሰዓት መምረጥም ያግዛል። ጋገራው ከተቻለ ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ይሁን። ቤት የሚናፈሰውም ጎሕ ሲቀድ ሳይሆን ከ5 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፤ ንጹሑ አየር ውጭ ያለው ያኔ ነው። ሩጫ የለመደ ሰው ይህ ቅር ሊያሰኘው ይችላል፤ ውርጭ ባረፈበት ጠዋት በጭሱ ንብርብር ውስጥ መሮጥ ግን ከተቀመጠ ሰው ብዙ እጥፍ ጭስ መሳብ ነው። ነጠላ ማጣፋትም ሆነ የጨርቅ ጭምብል ለደቃቁ ቅንጣት እምብዛም አይረዱም፤ ፊት ላይ በደንብ የገጠመ ኤን 95 ግን ይይዘዋል።

ለማዘጋጃ ቤቶች ደግሞ አንድ ነገር ልበል። አነስተኛ የቅንጣት መለኪያ ዛሬ ከአንድ ደህና ስልክ ያልበለጠ ዋጋ አለው። አሠራሩም ቀላል ነው፦ ትንሽ ማራገቢያ አየር ይስባል፣ የሌዘር ጨረር በአየሩ ውስጥ ያልፋል፣ ቅንጣት ሲያጋጥመው ብርሃኑ ይበተናል፣ የተበተነውን ብርሃን ዳሳሹ ይቆጥራል። ጭጋግ ባለበት የውሃውን ጠብታ እንደ ቅንጣት ሊቆጥር ስለሚችል እርጥበት በበዛበት ሰዓት ንባቡ በጥንቃቄ መታየት አለበት። ከዚያ ውጭ ለሕዝብ ውይይት ይበቃል። አንዱን በትምህርት ቤት ግቢ፣ አንዱን በገበያው አጠገብ ሰቅላችሁ የጠዋት 1 ሰዓቱንና የቀን 9 ሰዓቱን ንባብ ጎን ለጎን ለጥፉ። ነዋሪው ልዩነቱን በገዛ ከተማው ቁጥር ሲያየው የሚነሣው ጥያቄ ከአሁኑ የተለየ ይሆናል።

እርስዎ ደግሞ በመጪው ኅዳር 12 ደጅዎን ይጥረጉ፣ ቆሻሻውን ለሰብሳቢዎች ያስረክቡ፤ ክብሪቱን ግን ኪስዎ ውስጥ ይተዉት።